ዝቅ ባይ የመኪና መብራት ምንድን ነው?

ማታ ከፊት የሚመጣ ሾፌር ረጅም መብራቱን ሲለቅብን ዓይናችን ይጨልማል። ዛሬ ጣቱን ነካ ካደረገ ወደ አጭር ይቀየራል። በድሮ መኪኖች ግን አጭር የሚባል ሌላ መብራት አልነበረም። ያው ረጅሙ ራሱ ነው አንገቱን የሚደፋው። ዝቅ ባይ መብራት የሚባለውም ይኸው ነው።

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች በዘይት ፋኖስ ወይም ካርባይድ ላይ ውሃ እየተንጠባጠበ በሚፈጠር አሴቲሊን ጋዝ ያበሩ ነበር። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ብርሃኑ በረታ፣ ጭቅጭቁም አብሮ። እ.ኤ.አ. በ1915 ጋይድ ላምፕ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ዝቅ የሚል መብራት አወጣ። ሾፌሩ ግን ከመኪናው ወርዶ ነበር የሚያስጎነብሰው! በዝናብ ማን ይወርዳል? በ1917 ካዲላክ የተባለው የአሜሪካ መኪና ሠሪ ማስጎንበሻውን ማንሻ ወደ መኪናው ውስጥ አስገባው።

እንግሊዝ አገር ባርከር የተባለው የለንደን ቦዲ ሠሪ ሁለቱን መብራቶች በአንድ አግዳሚ ብረት ላይ አስሮ በማንሻ አዘነበላቸው። የመኪና ኤሌክትሪክ ዕቃ ሠሪው ሉካስ ደግሞ መብራቱን ትቶ ከውስጡ ያለውን አንጸባራቂ ሳህን ብቻ በኤሌክትሪክ ማግኔት ሳበው። ሾፌሩ ማብሪያውን ሲነካ የግራው ብርሃን ወደ መንገዱ ዳር ይደፋል፤ በተቃራኒ ለሚመጣው የሚቀርበው የቀኙ ጭራሽ ይጠፋል። በግራ ለሚነዳ አገር ብልሃት ነው። ለእኔ ግን ያስፈራል፤ ከሩቅ ሲታይ መኪናው ሞተር ሳይክል ይመስላላ!

መብራቱ በትክክል ዝቅ ማለቱ የሚፈተሸው ታዲያ እንዴት ነው? መኪናው ሜዳ ላይ፣ ከግድግዳ 7.6 ሜትር ያህል ርቆ ይቆማል። የመብራቱ መሃል ከመሬት ያለው ከፍታ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ይሰመራል። ዝቅ ሲደረግ ደማቁ ብርሃን ከመስመሩ በታች መውረድ አለበት። ርቀቱ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። የእንግሊዝ ደንብ ከዚያ አልፎ የቆመ፣ ዓይኑ ከመሬት 107 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው መጥበርበር የለበትም ይል ነበር። ከኋላ ሰው አስቀምጦ መድገምም ያስፈልጋል፤ ቂጡ የከበደ መኪና አፍንጫውን ያነሳል፣ ብርሃኑም አብሮ ሽቅብ ይወጣል።

በሉካሱ ላይ ጆሮም ይሠራል። ማግኔቱ ሳህኑን ሲስብ «ቋ» ይላል። ድምፁ ከሌለ ፊውዙ ይታያል፣ ከዚያ ሽቦው፣ ከዚያ የዛገው ማጠፊያ። «ቋ» ብሎ ብርሃኑ ካልወረደ ግን ፈተናውን ወድቋል።

በ1924 የጀርመኑ አምፖል ሠሪ ኦስራም «ቢሉክስ» የተባለ አምፖል አመጣ። በአንድ አምፖል ውስጥ ሁለት ክር አለ፣ አንዱ ለረጅም፣ አንዱ ለአጭር። የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፤ የሚዝግ ማጠፊያም የለውም። ብዙ የእንግሊዝ መኪኖች ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት አንድ ዓይናቸውን እየጨፈኑ ቀጠሉ።