ሙከራው ለሌላ ሰው እምቢ ሲል

«አዲስ ቁስ ተገኘ» የሚል ዜና ይወጣል። ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይቶ «ሌሎች ሞክረውት አልሠራም» የሚል ይከተላል። ከዚያ ሁሉም ዳኛ ይሆናል። በቁሳቁስ ኬሚስትሪ ዙሪያ ደጋግሜ የምሰማቸውን ጥቂት አባባሎች ላንሳ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ካልተደገመ ተጭበርብሯል ማለት ነው»

ማጭበርበር የለም አይባልም፤ አለ። ግን በ2016 ኔቸር መጽሔት 1,576 ተመራማሪዎችን ጠይቆ ነበር። ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሌላ ሰው ሙከራ ለመድገም ሞክረው እንዳቃታቸው ተናገሩ። ከግማሽ በላይ ደግሞ የራሳቸውን ሙከራ እንኳ መድገም አቅቷቸው ያውቃል። ሰው ራሱን አያጭበረብርም። (አንዳንዴ ያደርገዋል፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው።)

«መጽሔት ላይ ከወጣ ገምጋሚዎቹ ሞክረውታል»

አልሞከሩትም። ጽሑፉን ያነባሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይተቻሉ፤ ብልቃጥ ግን አያነሡም። ኦርጋኒክ ሲንቴሲስ የተባለው ከ1921 ጀምሮ የሚወጣ ኅትመት እያንዳንዱን አሠራር በሌላ ቤተ ሙከራ አስደግሞ ነው የሚያትመው። ስሙ የሚነሣውም እንዲህ የሚያደርግ ብዙ ስለሌለ ነው።

«ጠርሙሱ ላይ 99 በመቶ ንጹሕ ካለ በቂ ነው»

ጣጣው ያለው በቀረችው 1 በመቶ ውስጥ ነው። የወርቅ ናኖ ዘንጎችን እንይ። በተራ ማይክሮስኮፕ ቅርጻቸው የማይለይ ደቃቃ የወርቅ ዘንጎች ናቸው። የሚያድጉት ሲታብ የሚባል ሳሙና መሰል ኬሚካል በሟሟበት ውሃ ውስጥ ነው። በአንድ ዓይነት አሠራር አንዱ ዘንግ ያወጣል፣ ሌላው ድቡልቡል ቅንጣት ብቻ ያገኛል። በ2008 በኦስቲን፣ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች 10 የተለያዩ ሲታቦችን ወስደው ሌላውን ሁሉ ሳይነኩ ሞከሩ። ሦስቱ ዘንግ አልሰጡም። በዓመቱ ጥፋተኛው ታወቀ፤ አዮዳይድ፣ ሲታቡ ውስጥ የተደበቀ የአዮዲን ዘር። ከሚሊዮን እጅ በአሥሮችና በመቶዎች የሚቆጠር ብቻ። አዮዳይዱ ወርቁ ላይ ይለጠፍና ዘንጉ እንዳይረዝም ያግደዋል። እስከዚያ ድረስ ስንት ተማሪ «እጄ ነው የማይረባው» እያለ ስንት ሌሊት አድሮ ይሆን?

ቆሻሻው ሁልጊዜ አያበላሽም። አንዳንዴ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው። በ2003 አንድ ቡድን ፓላዲየም የተባለ ውድ ብረት ያስፈልገዋል የሚባለውን፣ የካርቦን ሞለኪውሎችን እርስ በርስ የሚያገናኘውን የሱዙኪ አጸግብሮት ያለ ፓላዲየም ሠራሁ ብሎ አሳተመ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ቡድን ነገሩን መረመረው። የተጠቀሙበት ሶዲየም ካርቦኔት ውስጥ ከቢሊዮን 50 እጅ ገደማ ፓላዲየም ነበረበት። ያቺ በቅታለች። ራሳቸው ፈልገው ራሳቸው ማረማቸው ደስ ይለኛል።

«አሠራሩ ተጽፎ የለ? ቃል በቃል መከተል ነው»

«ውሃው እየፈላ 6 ሰዓት ይቆይ» የሚል አሠራር አለ እንበል። የጻፈው ሰው ባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ ነው፤ የሱ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ፣ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ፣ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስምንት ዲግሪ ምን ትላለች እንዳትሉ። ብዙ አጸግብሮቶች በ10 ዲግሪ ልዩነት ፍጥነታቸው በእጥፍ ገደማ ይለዋወጣል። አዲስ አበባ ያለው ሰው ቃል በቃል ተከትሏል፤ የሠራው ግን ሌላ ሙከራ ነው። «በክፍል ሙቀት» እና «ሌሊቱን ሙሉ» የሚሉትም ያው ናቸው። የማን ክፍል? የማን ሌሊት?

«ትናንት የሠራ ነገም ይሠራል»

ሪቶናቪር የኤችአይቪ መድኃኒት ነው። በ1996 ገበያ ላይ ዋለ፤ ለሁለት ዓመት ያህል ያለ ችግር ተመረተ። በ1998 ግን ያው ሞለኪውል ተደራርቦ የሚቆምበት ሌላ የክሪስታል መልክ ብቅ አለ፤ በደንብ የማይሟሟ። ከዚያ በኋላ የድሮውን ለመሥራት ሲሞከር የሚወጣው አዲሱ ሆነ። ነገሩ እንደ እርሾ ነው። ጥቂት የክሪስታል ብናኝ ከገባችበት ሌላውን ሁሉ ወደ ራሷ መልክ ትስበዋለች። እንክብሉ ከገበያ ወጣ፤ መድኃኒቱ በሌላ አቀራረብ እስኪመለስ ታማሚዎች ተቸገሩ። የመጀመሪያውን ክሪስታል እንደገና መሥራት የተቻለው ብዙ ከተደከመ በኋላ ነው።

«ሌላ ሰው ከደገመው አለቀ፤ እውነት ነው»

ይሄኛው ብልጥ የሚባለውንም ሰው ይሸውዳል። በሐምሌ 2023 የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች ኤልኬ-99 ስለተባለ ቁስ አወጁ። እርሳስ፣ ፎስፈረስ፣ ኦክስጅንና ጥቂት መዳብ ያለበት ነው። በክፍል ሙቀት ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ተቃውሞ ያስተላልፋል አሉ። ማስረጃቸው ሁለት ነበር። ቁራጩ ማግኔት ላይ በአንድ ጎኑ ይነሣል። የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ደግሞ 104 ዲግሪ አካባቢ በአንዴ ይወርዳል።

ዓለም ሁሉ ምድጃውን ለኮሰ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የተወሰኑ ቤተ ሙከራዎች ደግመውታል! ቻይና ውስጥ ቁራጯ ስትነሣ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። የተቃውሞው መውረድም ታየ። ሰው ጮቤ ረገጠ።

በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቱ ፕራሻንት ጄይን ግን ያቺን 104 ቁጥር ያውቃታል። መዳብ ሰልፋይድ የውስጥ አደረጃጀቱን የሚቀይርባት ሙቀት ናት፤ ሲቀይር ተቃውሞው በአንዴ ይወርዳል። የኤልኬ-99 አሠራር ደግሞ መዳብ ሰልፋይድ ትርፍ አድርጎ ያወጣል። አሠራሩን የተከተለ ሁሉ ቆሻሻውንም አብሮ ደገመው። ቁራጯ የምትነሣውም በተራ ማግኔታዊ ባሕርይ እንደሆነ የቤጂንግ ተመራማሪዎች አሳዩ።

የቀረው ንጹሑን ቁስ መሥራት ነበር። ሽቱትጋርት፣ ጀርመን ያለው የማክስ ፕላንክ ተቋም ቡድን በዚያው ነሐሴ አንድ ወጥ ክሪስታል አሳደገ፤ መዳብ ሰልፋይድ የሌለበት። ተቃውሞው በሚሊዮን ኦም የሚቆጠር ሆነ። ብርሃን የሚያሳልፍ ሐምራዊ ክሪስታል ነው፤ ኤሌክትሪክ ግን አያሳልፍም።