ውኃ የማያስገባ የቁስል ፕላስተር፦ ለትንሽ ቁስልና ለውኃ ቋጠሮ

በአማርኛ «ፕላስተር» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸከማል። ጎዝ የሚታሰርበት ጥቅልል ፕላስተር ነው፤ ካርቶን የሚታሸግበትም ፕላስተር ነው፤ ጣት ላይ የሚለጠፈው ትንሹ ቁራጭም እንዲሁ። ስለዚህ መድኃኒት ቤት ገብቶ «ፕላስተር ስጡኝ» ብቻ ያለ ሰው ጥቅልሉን ይዞ ሊወጣ ይችላል። እዚህ የምንናገረው መሐሉ ላይ ፈሳሽ የሚመጥ ንጣፍ ስላለው፣ ዙሪያው ስለሚጣበቀውና አንድ አንድ እየሆነ በወረቀት ስለሚታሸገው የቁስል ፕላስተር፣ በተለይም ውኃ ስለማያስገባው ዓይነት ነው።

ትንሽ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው እጅ ሥራ ላይ ሳለ ነው። ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን ቢላ ያገኛት ሴት ወጡን ጥላ አትሄድም፤ ከወጡ በኋላ ሰሃን አለ፣ ከሰሃኑ በኋላ ልብስ አለ። ከላርጎና ከበረኪና ጋር የሚውል እጅ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም። በቤይሩት፣ በሪያድና በዱባይ ሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ተራው የጨርቅ ፕላስተር እንዲህ ባለ እጅ ላይ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል፤ እጣቢውን መጥጦ ቁስሉ ላይ ይዞት ይውላልና።

ፕላስተሩ ራሱ የተወለደው ከወጥ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ኧርል ዲክሰን በአሜሪካ ኒው ጀርዚ፣ በጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ኩባንያ የጥጥ ግዢ ሠራተኛ ነበር። ባለቤቱ ጆሴፊን ምግብ ስታበስል ጣቷን ደጋግማ ትቆረጥና ትቃጠል ስለነበር፣ ብቻዋን ሆና ማሰር የምትችለው ነገር ሊያዘጋጅላት አሰበ። የሚጣበቅ ጥቅልል ዘረጋ፣ በላዩ የጎዝ ቁራጮች እያራራቀ አኖረ፣ ማጣበቂያው እንዳይበላሽ በስስ ጨርቅ ሸፈነው። ስትቆረጥ የሚበቃትን ያህል በመቀስ ቆርጣ መለጠፍ ብቻ ሆነ ሥራዋ። ኩባንያው በተከታዩ ዓመት «ባንድ ኤይድ» ብሎ ለገበያ አቀረበው። የመጀመሪያዎቹ በእጅ የሚሠሩ፣ 46 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝሙና ገዢው ራሱ የሚቆርጣቸው ነበሩ፤ በማሽን መመረት የጀመሩት በ1924 ነው። በጀርመን ሐምቡርግ የሚገኘው ባየርስዶርፍም በ1922 «ሃንዛፕላስት» የተባለውን የራሱን ፕላስተር አውጥቷል።

ቁስሉን መሸፈን ግን ተገቢ ነው? ብዙዎቻችን ያደግነው «ቁስሉ አየር ያግኘው፣ ይድረቅ» እየተባልን ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ በአሳማዎች ቆዳ ላይ ያደረገውን ሙከራ በኔቸር መጽሔት አሳተመ። በስስ ፕላስቲክ የተሸፈኑት ቁስሎች አዲስ ቆዳ የለበሱት አየር ላይ ከተተዉት በእጥፍ ያህል ፈጥነው ነበር። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። ቁስል ሲደርቅ ቅርፊት ይሠራል፤ ከዳር ተነሥተው ክፍተቱን የሚሞሉት አዳዲስ የቆዳ ሕዋሳት ደግሞ በደረቅ ቅርፊት ውስጥ ማለፍ ስለማይችሉ ሥር ሥሩን መዞር ይኖርባቸዋል። መጠነኛ ርጥበት ካገኙ በቀጥታ ይሄዳሉ። ርጥበት ሌላ፣ መዘፍዘፍ ሌላ መሆኑን ግን መለየት ያስፈልጋል። ለቁስል የሚስማማው የራሱ የሰውነቱ ፈሳሽ የሚሰጠው ርጥበት ነው እንጂ የሰሃን እጣቢ አይደለም። ጥሩ ፕላስተርም ማድረግ ያለበት ይህንኑ ነው፤ የውስጡን ርጥበት መጠበቅ፣ የውጭውን ውኃ መከልከል።

ይህን ሁለት ሥራ የሚሠራው ፖሊዩሬቴን የተባለ ስስ ሽፋን ነው። የውኃ ጠብታና ባክቴሪያ አያልፉበትም፤ ከቆዳ የሚወጣው ላብ ግን ተን ሆኖ ይወጣበታል። ርካሹ ወፍራም ፕላስቲክ ውኃ ቢከለክልም ላቡንም አብሮ ያፍናል፤ ለዚህ ነው ብዙዎቹ የፕላስቲክ ፕላስተሮች ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚበሱባቸው። ቀዳዳ ያለው ፕላስተር ደግሞ ሲያዩት ላስቲክ ቢመስልም ውኃ ያስገባል። አንዱን ገልጦ ወደ ብርሃን ማየት ይበቃል፤ እንደ ወንፊት ነጠብጣብ ብርሃን ካሳለፈ ለእርጥብ ሥራ አይሆንም።

ካርቶኑ ላይ «ዋተርፕሩፍ» እና «ዋተር ሪዚስታንት» የሚሉ ጽሑፎች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ውኃ አያስገባም ማለት ነው፤ ሁለተኛው እጅ መታጠብንና ዝናብን ለጥቂት ጊዜ ይቋቋማል ከማለት አያልፍም። ከጽሑፉ ይልቅ ግን ቅርጹን ማየት ይጠቅማል። ውኃ ፕላስተር ውስጥ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በጀርባው ሳይሆን በዳሩ ነው። በተለመደው ቀጭን ፕላስተር ንጣፉ በግራና በቀኝ እስከ ጠርዙ ስለሚደርስ፣ ሽፋኑ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ውኃው በሁለቱ ጎን ሰተት ብሎ ይገባል። የሚፈለገው ንጣፉ እንደ ደሴት መሐል ላይ ሆኖ በአራቱም አቅጣጫ ማጣበቂያ የከበበው ነው። ንጣፉ ቁስሉን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት፤ ማጣበቂያው ቁስሉን ከነካ ሲነሣ የዳነውን ይዞ ይነሣል። ከንጣፉ ውጪ በየአቅጣጫው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ጤነኛ ቆዳ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ጥሩ ነው። ማዕዘኑ ክብ የሆነ ፕላስተር ከሹል ማዕዘኑ ዘግይቶ ይላቀቃል፤ ሹል ከሆነ በመቀስ ማክበብ ይቻላል፣ ንጣፉን አለመንካት ብቻ ነው። ለጣት መገጣጠሚያና ለጣት ጫፍ ወገባቸው የጠበበ ልዩ ቅርጾች አሉ፤ ጣት ሲታጠፍ አይሸበሸቡም። እኔ ለቤት የምገዛ ብሆን አንድ ዓይነት መቶ ከመግዛት ሦስት ዓይነት ቅርጽ ጥቂት ጥቂት መግዛትን እመርጣለሁ።

በየሱቁ በነጠላ የሚሸጠውን የሚገዛ ሰው ወረቀቱ ያልተቀደደና ያልረጠበ መሆኑን ማየት ይገባዋል። ማሸጊያው የተከፈተ ፕላስተር ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። የአገልግሎት ጊዜውም ይታይ፤ ጸሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የከረመ ማጣበቂያ ወይ ይቀልጣል ወይ ይደርቃል። የላቴክስ (የተፈጥሮ ጎማ) አለርጂ ያለበት ሰው ላቴክስ የሌለው መሆኑ የተጻፈበትን ይምረጥ።

ዋጋው ውድ ለሆነበት ሰው መላ አለ። ሥራው የአንድ ሰዓት ሰሃን ማጠብ ከሆነ፣ ተራ ፕላስተር ለጥፎ በላዩ የጎማ ጓንት ማጥለቅ ከብዙዎቹ ውኃ የማያስገቡ ፕላስተሮች የተሻለ ይከላከላል። ውኃ የማያስገባው የሚያስፈልገው ጓንት ለማይገባበት ነው፤ ሻወር ለመውሰድ፣ ልጅ ለማጠብ፣ ሊጥ ለማቡካት፣ ላብ ለሚያልበው እግር። የምግብ ፋብሪካና ትልልቅ ሆቴሎች ውስጥ የሠራ ሰው ደግሞ ሰማያዊ ፕላስተር ሳያይ አይቀርም። ሰማያዊ ምግብ እምብዛም ስለሌለ ፕላስተሩ ወድቆ ምግብ ውስጥ ቢገባ ወዲያው ይታያል፤ አንዳንዱም በብረት መፈለጊያ ማሽን እንዲያዝ ውስጡ ስስ ብረት አለው።

ጥሩው ፕላስተር በመጥፎ አለጣጠፍ ይባክናል። ደሙ እየፈሰሰ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ሳይለቁ ለ10 ደቂቃ ያህል መጫን፤ ከዚያ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ዙሪያውን በሳሙና። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቁስሉ ውስጥ ማፍሰስ ጤነኛውንም ሕዋስ ይጎዳል። ደም ለማቆም የቡና ዱቄት መነስነስ በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ እናቶቻችን በቸገራቸው ጊዜ ያደረጉት ነው፣ ነገር ግን ዱቄቱ ቁስሉ ውስጥ ቀርቶ ለማመርቀዝ በር ይከፍታል። ቀጥሎ የሚመጣው ማድረቅ ነው፣ አብዛኛው ሰው የሚዘለውም እሱን ነው። ሎሽን፣ ቫዝሊን ወይም ቅቤ የነካው ቆዳ ላይ፣ ወይም ገና ወዝ ያለው እጅ ላይ የተለጠፈ ፕላስተር ለመጀመሪያው ውኃ እጁን ይሰጣል። ቫዝሊን ማድረግ የሚፈልግ ሰው ጥቂት ብቻ፣ ንጣፉ በሚያርፍበት ቦታ ብቻ ይቀባ። ከለጠፉ በኋላ በመዳፍ ሸፍኖ ግማሽ ደቂቃ ያህል መያዝ ማጣበቂያው በሙቀትና በጫና ቆዳውን እንዲይዝ ያደርጋል።

ፕላስተሩ በቀን አንድ ጊዜ፣ ወይም ውኃ እንደገባው ይቀየራል። ሲገለጥ ቆዳው ነጥቶና ተጨማዶ ከተገኘ፣ ልክ ረጅም ሰዓት ልብስ ያጠበ ጣት ሲመስል፣ ርጥበቱ ከልክ አልፏል ማለት ነው፤ አየር አስነክቶ ማድረቅና ላብ የሚያስወጣ ዓይነት መፈለግ ይበጃል። ሲነሣ ደግሞ ወደ ላይ ከመመንጨቅ ቆዳውን በሌላው እጅ ተጭኖ፣ ፕላስተሩን በራሱ ላይ እያጠፉ ዝቅ አድርጎ መሳብ። የአረጋውያን ቆዳ ስስ ስለሆነ አብሮ ሊላጥ ይችላል፤ ለእነሱ ጠርዙን በዘይት ማለስለስ ይረዳል።

የውኃ ቋጠሮ ነገር የተለየ ነው። እዚያ ቆዳው አልተቆረጠም፤ በመፋተግ ብዛት የላይኛው ሽፋን ከሥሩ ተላቆ መሐሉ ውኃ ሞላ። ቀላል ነገር አይምሰለን። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ 10,000 ሜትሩን አሸንፎ ወርቅ ሲያጠልቅ፣ የትራኩ ጥንካሬ እግሩን ውኃ አስቋጥሮ ስላቆሰለው 5,000 ሜትሩን ሳይሮጥ ቀርቷል። ለታላቁ ሩጫ አዲስ ጫማ ገዝቶ በዚያው ቀን የሚያጠልቀው ሰውም ተረከዙ ላይ የሚያገኘው ይህንኑ ነው።

ላልፈነዳ ቋጠሮ ቆዳው ራሱ ውኃ የማያስገባ ፕላስተር ነው። ማፈንዳት አያስፈልግም። በጣም ትልቅ ሆኖ መራመድ ከከለከለ፣ ቦታውን አጥቦ፣ በአልኮል በጸዳ መርፌ ጠርዙ ላይ በስቶ ፈሳሹን ማውጣት ይቻላል፤ የላይኛው ቆዳ ግን አይነሣም። ለእንዲህ ያለው ቦታ ከተራው ይልቅ ሃይድሮኮሎይድ የተባለው ይሻላል። ጄላቲን፣ ፔክቲን ወይም ሴሉሎስ ያለበት ወፈር ያለ ፕላስተር ነው፤ ፈሳሹን መጥጦ ወደ ለስላሳ ጄል ይለወጣል፣ ከጫማውም ጫና ይጠብቃል። ከመለጠፉ በፊት በሁለት መዳፍ መሐል ይሞቃል፣ ከተለጠፈም በኋላ በራሱ እስኪላቀቅ ለቀናት ይተዋል። ከሥሩ ነጭ እብጠት መስሎ የሚታየው ጄሉ ነው። መግል መስሏቸው ቶሎ የሚገነጥሉት ብዙዎች ናቸው፤ ያን ጊዜ አዲሱ ቆዳ አብሮ ይሄዳል። ያመረቀዘ ቁስል ላይ ግን ሃይድሮኮሎይድ አይለጠፍም።

ቋጠሮ እንዳይመጣ ለመከላከል ውድ ነገር አያስፈልግም። በረጅም ርቀት ሯጮች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት፣ ስስና ርካሽ የወረቀት ፕላስተር ጥቅልል እግር ላይ አስቀድሞ መለጠፍ ቋጠሮውን በ40 በመቶ ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል።

ፕላስተር የማይመጥናቸው ቁስሎች አሉ። ከንፈሩ የተከፈተ ጥልቅ ቁስል፣ ተጭነውትም ደሙ የማይቆም፣ ሚስማር ወግቶ ሥር የሰደደ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከተከተቡ 10 ዓመት ያለፋቸው፣ ቁስሉ ቆሻሻ ከነካው ደግሞ 5 ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ስለ ክትባቱ ይጠይቁ። ውሻ የነከሰው ቁስል ከሁሉ በፊት በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ፕላስተር ለጥፎ ማደር የለም፣ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በዚያው ቀን መሄድ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ላይ ያገኘውን ትንሽ ቁስልም ሆነ ቋጠሮ በራሱ አያክም፤ ሕመሙ ሳይሰማው ሊከፋ ይችላል።

የማመርቀዝ ምልክት ሲባል ብዙ ጊዜ «ዙሪያው ይቀላል» ተብሎ ይጻፋል። በእኛ ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል፤ ወይ ከወትሮው ይጠቁራል፣ ወይ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። ስለዚህ ፕላስተሩ በተገለጠ ቁጥር ከዓይን ይልቅ በታጠበ እጅ ጀርባ ዙሪያውን መዳሰስ ይበልጥ ይነግራል፦ ትኩሳት፣ ማበጥ፣ መወጠር፣ በየቀኑ እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ የሚጨምር ሕመም። ከእነዚህ አንዱ ካለ፣ ወይም መግል ወይም የሰውነት ትኩሳት ከመጣ፣ አዲስ ፕላስተር አይለጠፍበትም፤ ሐኪም ይየው።