አሮጌ ኮምፒውተር፣ ሳጥን ሙሉ ፍሎፒ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። ጎንደር ፒያሳ ወዳለችው የኮምፒውተር ጥገና ቤቴ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር መጡ። ከኋላቸው አንድ ልጅ ትልቅ ካርቶን ተሸክሟል። ውስጡ 386 የሚባለው የድሮ ኮምፒውተር፣ አንድ ሞደም (ኮምፒውተርን በስልክ መስመር የሚያገናኝ ዕቃ) እና ሁለት ሳጥን ፍሎፒ (ድሮ ሰነድ የሚቀመጥበት ዲስክ) አለ። «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ሞቷል ጣለው አሉኝ። እስኪ አንተም እየው» አሉኝ።

ፍሎፒዎቹ ላይ ያለው ከጎንደርና ከአካባቢው አዛውንት ለዓመታት እየዞሩ የለቀሙት ተረትና ምሳሌ ነው። የእድራቸው መዝገብም አለበት። ሌላ ቅጂ የለውም።

አብዛኛው አልሞተም ነበር። እርስ በርሱ የማይገጥም ዕቃ ስለተሰካካ ብቻ የሞተ መስሏል። እንዲህ ያለ ካርቶን ማራኪም አዘዞም በብዙ ቤት ቁም ሳጥን ላይ እንደተቀመጠ አውቃለሁ። ስለዚህ ሰው ደጋግሞ የሚነግረኝን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ዲስኩ ፎርማት ይደረግ ወይ ብሎ ከጠየቀ፣ ባዶ ነው ማለት ነው»

አይደለም። ይህ ጥያቄ ስንት ሰነድ እንደበላ እኔ ነኝ የማውቀው። ኮምፒውተሩ እንዲህ የሚለው የዲስኩ አጻጻፍ ሳይገባው ሲቀር ነው። እሺ ካላችሁት ያለውን ያጠፋዋል። መምህሩንም መጀመሪያ ያልኳቸው «ጋሼ፣ ማንም ቢጠይቅዎት እሺ እንዳይሉ» ነው።

ያልገባው በምን ምክንያት ነው? ብዙ ሊሆን ይችላል። ትንሿ ጠንካራ ፍሎፒ፣ ማለትም ባለ 3.5 ኢንቹ፣ መልኳ አንድ ቢሆንም ዓይነቷ ይለያያል። አንዷ 720 ኪሎባይት ትይዛለች፣ ሌላዋ 1.44 ሜጋባይት። የምትለዩት በቀዳዳዋ ነው። 1.44ቷ እንዳይጻፍባት ከሚቆልፈው መስኮት ትይዩ ሁለተኛ ቀዳዳ አላት። ድራይቩም፣ ማለትም ዲስኩ የሚከተትበት ማንበቢያ፣ ቀዳዳውን ነክቶ ነው የሚለየው። ድሮ አንዳንድ ሰው ባለ ሁለት ቀዳዳዋን በአሮጌ ድራይቭ እንደ 720 ፎርማት ያደርጋት ነበር። እንዲህ ያለችውን ዛሬ ስትከቷት ድራይቩ 1.44 መስላው ይሳሳታል። ሁለተኛውን ቀዳዳ በፕላስተር ሸፍናችሁ ሞክሩ። ከመምህሩ ዲስኮች ሦስቱ በዚህ ብቻ ተከፈቱ።

ማኪንቶሽ ይጠቀም ከነበረ ቢሮ የወጣ ባለ 800 ኪሎባይት ዲስክ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የማኪንቶሹ ድራይቭ ከዲስኩ ዳርና ከመሀሉ ሲያነብ የሚሽከረከርበት ፍጥነት ይለያያል። የፒሲ ድራይቭ ፍጥነት ቋሚ ነው። ስለዚህ ምንም ሶፍትዌር ብትጭኑ የተለመደው የፒሲ ድራይቭ አያነበውም። ዲስኩ ግን ደህና ነው። የሚፈልገው የራሱን ማሽን ነው።

አሁን ገበያ ላይ የሚገኘው የዩኤስቢ ፍሎፒ ድራይቭም ሁሉን አይችልም። 1.44ን ያነባል፣ ብዙ ጊዜ 720ንም። የማክን 800 አያነብም። ትልቋን ለስላሳዋን፣ ባለ 5.25 ኢንቿንማ መክተቻም የለው።

ስለ ትልቋ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። 360 ኪሎባይት የምትይዘው ዲስክ ላይ 40 መስመር አለ። የ1.2 ሜጋባይቱ ድራይቭ ግን ለ80 መስመር የተሠራ ነው፣ የሚያነብበትና የሚጽፍበት ራስ (ሄድ) ቀጭን ነው። ከ360ዋ ማንበብ ይችላል። ከጻፈባት ግን የሚጽፈው መስመር ስለሚቀጥን፣ የድሮው ድራይቭ በኋላ ማንበብ ሊያቅተው ይችላል። አንብቡ፣ አትጻፉ።

ማንኛውንም ዲስክ ከመክተታችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ እንዳይጻፍበት ቆልፉት። በትንሿ ላይ ብርሃን የሚያሳልፈው መስኮት ሲከፈት ነው የሚቆለፈው። በትልቋ ላይ ተቃራኒ ነው፣ ጎኗ ላይ ያለው ጎድጓዳ ሲሸፈን ነው። ሁለተኛ፣ የብረት መከለያውን ገፋ አድርጋችሁ ዲስኩን በእጅ እያዞራችሁ እዩት። የጎንደር ክረምት ለሻጋታ ይመቻል። ነጭ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ ካያችሁ አትክተቱት። የድራይቩን ራስ ያቆሽሽና ቀጥሎ የሚገባውን ደህና ዲስክ ይፍቃል። እኔ በአንድ ሻጋታ ዲስክ ሌላ ደህና ዲስክ አበላሽቼ አውቃለሁ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

«ፋይሉ ተከፈተ፣ ግን ፊደሉ ተበላሽቷል»

ይሄ የእኛ የራሳችን ችግር ስለሆነ ረዘም ላድርገው።

መምህሩ የመጀመሪያው ሰነድ ሲከፈት ስክሪኑን አይተው ዝም አሉ። የላቲን ፊደል፣ ቃለ አጋኖና ልዩ ልዩ ምልክት የተቀላቀለበት ገጽ ነው። «አየህ፣ ቫይረስ በልቶታል» አሉኝ። አልበላውም። አንድም ፊደል አልጠፋም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር ቁጥር የተሰጣቸው ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት አማርኛ ለኮምፒውተር የራሱ ቁጥር አልነበረውም። ስለዚህ ቪዥዋል ግዕዝን፣ ፓወር ግዕዝንና ሌሎች የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞችን የሠሩ ሰዎች በላቲን ፊደላት ቦታ የእኛን ፊደል ሣሉ። ኮምፒውተሩ ፋይሉ ውስጥ የሚያስቀምጠው የላቲን ቁጥር ነው። ዓይናችሁ የሚያየው ግን ፎንቱ የሣለውን «ሰ» ነው። ፎንቱ ከሌለ የሚታየው ከሥር ያለው ላቲን ነው። በቃ።

ቦታው ጠባብ ነበር። አንድ ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ነው ያለው፣ ሁሉም ደግሞ ለፊደል አይውልም። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ ብቻ 231 ናቸው። ዲቃላ ፊደላቱ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ያልፋል። ለዚህ ነው አንዳንዶቹ ፊደሉን ከአንድ በላይ በሆነ ፎንት የከፈሉት።

እዚህ ላይ ሰው ሁለት ስህተት ይሠራል። አንዱ ሁሉንም መርጦ ፎንቱን ወደ ኒያላ መቀየር ነው። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ የዩኒኮድ ፎንት ነው። ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ቁጥር ስለሆነ ኒያላም ላቲን ያሳያችኋል። ሁለተኛው ስህተት የአንዱን ሠሪ ጽሑፍ በሌላው ፎንት መክፈት ነው። እያንዳንዱ የራሱን አደላደል ነው የተከተለው። በፓወር ግዕዝ የቪዥዋል ግዕዝን ጽሑፍ ብትከፍቱ አማርኛ የሚመስል፣ ግን የማይነበብ ነገር ይወጣል።

መፍትሔው የተጻፈበትን ፎንት ማግኘት ነው። ሰነዱ ውስጥ የፎንቱ ስም አብሮ ተቀምጧል፣ እሱን አንብቡ። ፎንቱን ስትጭኑ አማርኛው ይመለሳል። ከዚያ ወደ ዩኒኮድ በሚለውጥ ፕሮግራም ቀይሩትና ቅጂውን አስቀምጡ። ቁጥሮቹንና አራት ነጥቦቹን በዓይን አረጋግጡ፣ ስህተት የሚገባው እዚያ ነው። እባካችሁ መጀመሪያውኑ ሰነዱን ወደ ተራ ጽሑፍ አትቀይሩት። ያን ጊዜ የፎንቱ ስም ይጠፋል፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ይደባለቃል። የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ከባድ ሥራ ይሆናል።

መምህሩ የራሳቸውን ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ጮክ ብለው ሲያነቡ ከጎን ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ልጅ ሳይቀር መጥቶ ቆመ።

«ሞደም ሁሉ አንድ ነው»

ስልክ እየደወለ የሚገናኘው የስልክ መስመር ሞደምና የኤዲኤስኤል (በስልክ ሽቦ የሚመጣው ፈጣን ኢንተርኔት) ሞደም አንዱ በሌላው ቦታ አይሠራም። የስልክ መስመሩ ሞደም ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። የውጭው፣ በሲሪያል ገመድ የሚገናኘው፣ ሥራውን ራሱ ይሠራል። ስለዚህ ዶስም (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ሲስተም) ይሁን ዊንዶውስ 3.1 ያዝዘዋል። ዊንሞደም የሚባለው የውስጥ ካርድ ግን ከባዱን ሥራ ለፕሮሰሰሩ ይሰጣል። የዊንዶውስ ድራይቨሩ ከሌለ ዝም ነው። ዶስ ላይ አይሠራም ብላችሁ የጣላችሁት ካርድ ያልተበላሸ ሊሆን ይችላል።

መስመሩ እየሰማችሁት «የስልክ ድምፅ የለም» የሚል ሞደምም አለ። የሌላ አገር የስልክ ድምፅ እየጠበቀ ይሆናል። ኤቲኤክስ3 (ATX3) የሚለውን ትእዛዝ ስትሰጡት ሳይጠብቅ ይደውላል።

«56 ኬ ማለት በሰከንድ 56 ኪሎባይት ነው»

የሞደም ፍጥነት የሚነገርበት 56 ኬ ኪሎቢት ነው። ለ8 አካፍሉት፣ ቢበዛ 7 ኪሎባይት ይሆናል። አንድ ሙሉ ፍሎፒ ለማውረድ ምንም ሳይደናቀፍ ሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል ይወስዳል። ያም ቢሆን ከወዲያኛው ጫፍ ያለው አገልግሎት ሰጪ ከስልክ ኔትወርኩ ጋር በዲጂታል ከተገናኘ ነው። ሁለት ሰዎች ከቤታቸው በ56 ኬ ሞደም ቢደዋወሉ ከ33.6 ኬ አያልፉም።

«ባትሪው ሲሞት ሃርድ ዲስኩም ሞተ»

የመምህሩ 386 ሃርድ ዲስክ የለም ይል ነበር። በዚያ ዘመን ማሽን ላይ የዲስኩ ልክ፣ ማለትም የሲሊንደሩ፣ የሄዱና የሴክተሩ ቁጥር፣ የሚቀመጠው በባትሪ በሚጠበቅ ማስታወሻ ውስጥ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ይረሳል። ዲስኩ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር መልሳችሁ ስታስገቡ ይገኛል። የእሳቸውም ተገኘ። ባትሪው ቦርዱ ላይ የተበየደ በርሜል መሳይ ከሆነ ግን አስወጡት። እየፈሰሰ ቦርዱን ይበላል።

«ትልቅ ሃርድ ዲስክ ብገጥምለት ይሻላል»

የብዙ 386 እና 486 ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ዕቃውን የሚለየው ፕሮግራም) ከ504 ሜጋባይት በላይ አያይም። ዶስና የመጀመሪያው ዊንዶውስ 95 ደግሞ አንድን ክፍልፋይ ከ2 ጊጋባይት በላይ አያደርጉም። ይህን ገደብ ያለፈው የዲስክ አጻጻፍ፣ ፋት32፣ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1996 በተሻሻለው ዊንዶውስ 95 ነው።

«ደጋ ላይ ሃርድ ዲስክ አይበረክትም»

ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ሃርድ ዲስክ በእርግጥ አየር ይፈልጋል፣ የሚያነበው ራስ (ሄድ) የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ነው። ግን ብዙዎቹ የተሠሩት እስከ 3,000 ሜትር ገደማ እንዲሠሩ ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ ሰንቃበር ይዛችሁ ካልወጣችሁ አትስጉ።

«የድሮው ፕሮግራም አዲሱ ላፕቶፕ ላይ አይሠራም»

እንዲሁ ከጫናችሁት እውነት ነው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ባለ 16 ቢት ፕሮግራም አይቀበልም። ለዶስ ፕሮግራም ዶስቦክስ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ፣ ውስጡ ይሠራል።

«ፍሎፒው ካልሠራ ከማሽኑ ምንም አይወጣም»

ይወጣል። ሁለቱን ኮምፒውተሮች በሲሪያል ወደባቸው የምታገናኙበት ኑል ሞደም የሚባል ገመድ አለ። አዲሱ ላፕቶፕ ሲሪያል ከሌለው የዩኤስቢ መቀየሪያ ይበቃል። ፍጥነቱ በሰከንድ 115,200 ቢት ሲሆን 11 ኪሎባይት ያህል ያሻግራል። የመምህሩ ሃርድ ዲስክ 40 ሜጋባይት ነው። ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ ሁሉም ላፕቶፔ ላይ ነበር። እስከዚያ ቡና አስፈልተን ጠጣን፣ እሳቸውም ምሳሌዎቹን ከማን እንደሰሙ ሲያወሩኝ ቆዩ።

አሁን የቀሩን 9 ትልልቅ ዲስኮች ናቸው። የማሽኑ ባለ 5.25 ድራይቭ ሞተሩ አልሽከረከር ብሏል። ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ድራይቭ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር መጋዘናችሁ ካለ፣ ባይበራም እንኳ፣ አትጣሉት። ፒያሳ አምጡልኝ።