የፊላደልፊያ ኢግልስ ኦፌንሲቭ ላይን፤ በደመወዝ ጣሪያና በድራፍት ውስጥ እንዴት ተሠራ?

ፊላደልፊያ ኢግልስ በኤንኤፍኤል የሚጫወት የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ነው። ቡድኑ ላለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ገደማ በብዙ ነገር ተተችቷል። በኦፌንሲቭ ላይኑ ግን ጠላቶቹም አይከራከሩትም። ይህ ዳሰሳ ያ ላይን በምን ገንዘብና በነማን እንደተሠራ ይተርካል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለጨዋታው እንግዳ ለሆነ ሰው፦ ቡድኑ ሲያጠቃ ኳሱ ፊት የሚሰለፉት አምስት ግዙፍ ሰዎች ናቸው ላይኑ። መሀል ሴንተሩ አለ። ግራና ቀኙ ጋርዶች፣ ከእነሱ ወጣ ብለው ደግሞ ታክሎች ይቆማሉ። ኳርተርባኩ ኳሱን እስኪወረውር ድረስ ማንም እንዳይደርስበት ይከላከላሉ። ኳስ ይዞ ለሚሮጠው ደግሞ መንገድ ይከፍታሉ። ነጥብ አያስቆጥሩም። ተመልካቹ ስማቸውን የሚሰማው ባብዛኛው ሲያጠፉ ነው።

ገንዘቡና ድራፍቱ

በኤንኤፍኤል እንደ ፕሪሚየር ሊግ ተጫዋች በዝውውር ክፍያ መግዛት የለም። ዋናዎቹ መንገዶች ሦስት ናቸው፤ ድራፍት (ቡድኖች ከኮሌጅ የሚመጡ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት)፣ ውሉ ያለቀ ተጫዋች ማስፈረምና መለዋወጥ። ሁሉም ከደመወዝ ጣሪያ በታች ነው፤ አንድ ቡድን በዓመት ለተጫዋቾቹ ሊመድብ ከሚችለው ከፍተኛ ገንዘብ ማለት ነው። ጣሪያው በ1994 ሲጀመር 34.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2024 255.4 ሚሊዮን ደርሷል። በዚህ ገንዘብ 53 ሰው መያዝ አለበት። ጥሩ ኳርተርባክ ብቻውን ከዚያ ላይ ትልቅ ቁራሽ ይወስዳል።

ድራፍቱ ሰባት ዙር አለው። ባለፈው ዓመት የደከመው ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል። ስለዚህ የሚያሸንፍ ቡድን ሁልጊዜ የሚመርጠው ከኋላ ሆኖ ነው።

ነገሩን ሁሉ የቀየረው የ2011 የሠራተኛ ማኅበርና የሊጉ ስምምነት ነው። ከዚያ በፊት አንደኛ የተመረጠ ልጅ ገና ሳይጫወት ሀብታም ይሆን ነበር። በ2010 አንደኛ የወጣው ሳም ብራድፎርድ 50 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና አገኘ። በዓመቱ አንደኛ የወጣው ካም ኒውተን ጠቅላላ ውሉ 22 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የአዲስ ተጫዋች ክፍያ በተመረጠበት ቁጥር ይወሰናል። ውሉም አራት ዓመት ነው። ለአንደኛ ዙር ምርጫ ቡድኑ አምስተኛ ዓመት መጨመር ይችላል። ትርጉሙ ግልጽ ነው። በድራፍት የተገኘ ጎበዝ ላይንማን ለአራት ዓመት በርካሽ ይሠራል።

ሌላው ዘዴ የፊርማ ጉርሻ ነው። ቡድኑ 20 ሚሊዮን ዶላር ዛሬ በጥሬው ይከፍላል። በጣሪያው ሒሳብ ላይ ግን በአምስት ዓመት ተከፋፍሎ በየዓመቱ 4 ሚሊዮን ብቻ ይታያል። ተጫዋቹ ቀድሞ ከሄደ ቀሪው ባንዴ ይቆለላል። በ2021 ኳርተርባኩ ካርሰን ዌንትዝ በልውውጥ ሲሄድ ኢግልስ 33.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለሌለ ሰው ተመዘገበበት። የኢግልስ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሃዊ ሮዝማን በዚህ ጨዋታ ከማንም አይተናነስም። እንዲያውም ከማንም ይበልጣል ማለት ይቻላል።

ከ2009 በፊት

አሠልጣኙ አንዲ ሪድ ራሱ የላይን ሰው ነበር። ትሬ ቶማስን (በ1998 ከእሱ በፊት የተመረጠ) እና ጆን ራንያንን (በ2000 ከቴነሲ የመጣ) ግራና ቀኝ አቁሞ ብዙ አሸንፏል።

ፒተርስና ኬልሲ

በ2009 ኢግልስ ከበፋሎ ጄሰን ፒተርስን ወሰደ። የአንደኛ ዙር ምርጫን ጨምሮ ውድ ዋጋ ከፈለ። ፒተርስ በ2004 ማንም በድራፍት ያልመረጠው ሰው ነው። በኮሌጅ ታይት ኤንድ ነበር፤ ኳስ የሚቀበል ቦታ ማለት ነው። ወደ ታክልነት የተለወጠው በፋሎ ከገባ በኋላ ነው። ይህን ልብ በሉ፤ ደጋግሞ ይመጣል።

የ2011 ድራፍት ለዚህ ታሪክ ቁልፍ ነው። ኢግልስ በአንደኛው ዙር፣ በ23ኛ ቁጥር፣ ጋርድ ዳኒ ዋትኪንስን መረጠ። ካናዳዊ ነው፤ ከፉትቦል በፊት እሳት አጥፊ ነበር። አልሆነም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ተሰናበተ። በዚያው ድራፍት በስድስተኛው ዙር፣ በ191ኛ ቁጥር፣ ጄሰን ኬልሲ የሚባል ሴንተር ተመረጠ። ክብደቱ 127 ኪሎ ገደማ ነበር። ለሴንተር ቀላል ነው ተባለ። በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ያለ ስኮላርሺፕ የገባ፣ ከኳስ ተሸካሚነት ወደ ላይንባከርነት (ከመከላከያ መስመሩ ኋላ የሚቆም ተከላካይ)፣ ከዚያ ወደ ላይን የተዘዋወረ ልጅ ነው። የዚያን ጊዜው የላይን አሠልጣኝ ሃዋርድ መድ ግን ከከባድ ሰው ፈጣን ሰው ይመርጥ ነበር። ኬልሲ ልኩ ሆነ። ከመጀመሪያው ጨዋታው ጀምሮ ተሰለፈ። በ2024 ጡረታ ሲወጣ ስድስት ጊዜ የሊጉ ምርጥ አንደኛ ቡድን ውስጥ ገብቶ ነበር። እንዲህ ያለ ሴንተር ፊላደልፊያ ድጋሚ ማየቷን እንጃ።

ስታውትላንድ ሲመጣ

በ2013 ቺፕ ኬሊ ዋና አሠልጣኝ ሆኖ ሲመጣ የላይን አሠልጣኙን ጄፍ ስታውትላንድን ከአላባማ ዩኒቨርሲቲ አመጣ። ኬሊ በ2015 ተባረረ። ስታውትላንድ ቀረ። ከዚያ ዳግ ፒደርሰን መጣ፤ ሄደ። ኒክ ሲሪያኒ መጣ። ስታውትላንድ አሁንም እዚያው ነበር። ዋና አሠልጣኝ በተባረረ ቁጥር ረዳቶቹም ጓዛቸውን በሚጠቀልሉበት ሊግ ይህ ተራ ነገር አይደለም።

በዚያው 2013 ኢግልስ በ4ኛ ቁጥር ሌን ጆንሰንን መረጠ። ጆንሰን ኮሌጅ የገባው ኳርተርባክ ሆኖ ነው። በኦክላሆማ ታይት ኤንድ፣ ከዚያ የመከላከያ መስመር፣ በመጨረሻ ታክል ሆነ። በ2014 ለ4 ጨዋታ፣ በ2016 ለ10 ጨዋታ በተከለከለ ንጥረ ነገር ታግዷል። እሱ ሁለተኛው እገዳ ከወሰደው ሰፕልመንት የመጣ ነው ብሎ ተከራክሯል፤ ሊጉ አልተቀበለውም። ዋጋውን ግን ያ ቅጣት ራሱ አሳየ። በ2016 ጆንሰን ሲሰለፍ ቡድኑ 5 አሸንፎ 1 ተሸነፈ። ሳይሰለፍ 2 አሸንፎ 8 ተሸነፈ።

በ2016 ደግሞ ከሂውስተን ጋርድ ብራንደን ብሩክስ በአምስት ዓመት 40 ሚሊዮን ዶላር መጣ። የ2017ቱ ላይን ሙሉ ሆነ። በወቅቱ መሀል ፒተርስ ጉልበቱ ተቀደደ። በ2016 በአምስተኛ ዙር የተመረጠው ሃላፑሊቫቲ ቫይታይ ተተካ። ቡድኑ አልተንገዳገደም። በሱፐር ቦውል 52 (የሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ) ተጠባባቂው ኳርተርባክ ኒክ ፎልስ አንድ ጊዜም ኳስ እንደያዘ አልተጣለም። ኢግልስ ኒው ኢንግላንድን 41 ለ 33 አሸነፈ። በቡድኑ ታሪክ የመጀመሪያው የሱፐር ቦውል ድል ነው።

መጥፎዎቹ ዓመታት

በ2019 የፒተርስን ወራሽ ፍለጋ በአንደኛ ዙር አንድሬ ዲላርድ ተመረጠ። በኮሌጅ ንጹሕ ታክል ነበር፤ ሁሉም ወደደው። ቦታውን ሊይዝ አልቻለም። በ2020 ብሩክስ የተረከዝ ጅማቱ ተበጠሰ፣ ዲላርድም ተጎዳ፣ ጆንሰንም ብዙ ጨዋታ አለፈው። ላይኑ በየሳምንቱ ተቀያየረ። ዌንትዝ በ12 ጨዋታ 50 ጊዜ ተጣለ፤ ከሊጉ ሁሉ የበለጠ። ቡድኑ 4 ብቻ አሸነፈ። ላይን ሲፈርስ ምን እንደሚሆን ማወቅ የፈለገ ያንን ዓመት ይመልከት።

አውስትራሊያዊው

ከዚያ ፍርስራሽ ግን ጆርዳን ማይላታ ወጣ። የሲድኒ ልጅ ነው፤ ራግቢ ሊግ ይጫወት ነበር። ቁመቱ 2.03 ሜትር፣ ክብደቱ 165 ኪሎ ገደማ። በ2018 በሰባተኛው ዙር በ233ኛ ቁጥር ሲመረጥ በሕይወቱ አንድም የፉትቦል ግጥሚያ አላደረገም። ሁለት ዓመት ሳይጫወት ስታውትላንድ አስተማረው። በ2020 በጉዳት ብዛት ገባ። በ2021 ዲላርድን በውድድር አሸነፈ። ቴሌቪዥን ላይ ተጫዋቾች የተማሩበትን ኮሌጅ ሲናገሩ እሱ «ጄፍ ስታውትላንድ ዩኒቨርሲቲ» ይላል።

ሮዝማን ሳይውል ሳያድር በዚያው ዓመት ለአራት ዓመት 64 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው፤ በዓመት 16 ማለት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ታምፓ ለታክሉ ትሪስታን ዊርፍስ በዓመት 28 ሚሊዮን ገደማ ከፈለ። ቀድሞ መፈረም ማለት ይሄ ነው። ገበያው ሳይጋል ትገዛለህ።

በ2021 በሁለተኛ ዙር የተመረጠው ላንደን ዲከርሰን ደግሞ የጉልበት ታሪኩ ብዙዎችን አስፈርቶ ነበር። ያ ፍርሃት እስከ 37ኛ ቁጥር አወረደው። ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ኢግልስ ባላገኘው። በአላባማ ሴንተር ነበር፤ ኬልሲ ስላለ ጋርድ ሆነ። በ2024 በአራት ዓመት 84 ሚሊዮን ዶላር ተፈራረመ። በ2022 ካም ጀርገንስ በሁለተኛ ዙር መጣ፤ እሱም ኮሌጅ የገባው ታይት ኤንድ ሆኖ ነው። ኬልሲ ቪዲዮውን አይቶ ወዶት ነበር። ወራሽህን ራስህ መርቀህ ማስገባት በዚህ ሙያ ብዙም አይታይም።

ሁለተኛው ዋንጫ

በ2024 ኬልሲ ሄደ። ጀርገንስ ሴንተር ሆነ። ለቀኝ ጋርድ መካይ ቤክተን በአንድ ዓመት ርካሽ ውል ተወሰደ። ኒው ዮርክ ጄትስ በ2020 በ11ኛ ቁጥር የመረጠው ታክል ነበር፤ ጉልበቱ አስቸግሮት ተረስቷል። ስታውትላንድ ጋርድ አደረገው። አዲሱ ኳስ ተሸካሚ ሴኳን ባርክሊ ከዚህ ላይን ኋላ 2,005 ያርድ ሮጠ። ወደ ሱፐር ቦውል በሚያሳልፈው የኮንፈረንስ ፍጻሜ ዋሽንግተን 55 ለ 23 ተሸነፈ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ወገኖች፣ አይክፋችሁ። ከዚያ በሱፐር ቦውል 59 ካንሳስ ሲቲ 40 ለ 22።

ክርክሮች

ምስጋናው የማን ነው? ስታውትላንድ ባይኖር ማይላታ ራግቢ ላይ ነበር የሚሉ አሉ። ሮዝማን ገንዘቡን ባያብቃቃ ሁሉም ተበትኖ ነበር የሚሉም አሉ። ሁለቱም ያስኬዳል፤ ግን ዋትኪንስም ዲላርድም የተመረጡት በሮዝማን ዘመን መሆኑ አይረሳ።

ሌላው ክርክር «ታሽ ፑሽ» ነው። ኳርተርባኩ ጄለን ኸርትስ ኳሱን ይዞ ላይኑ ኋላ ይገባል፣ ጓደኞቹ ከኋላ ይገፉታል። ግሪን ቤይ በ2025 እንዲከለከል ጠየቀ። ከ32 ቡድን 24 ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ 22 ብቻ ደገፈ። ለተጫዋች አደገኛ ነው ይባላል። ያኔ ማንም ቡድን ቢሞክረው ሕጉ አይከለክልም ነበር፤ እንደ ኢግልስ የተሳካለት ግን ጥቂት ነው።

በዚያው ዓመት ቤክተን ወደ ቻርጀርስ ሄደ፤ በሁለት ዓመት እስከ 20 ሚሊዮን ዶላር። ኢግልስ አልተከተለውም። ቦታውን በ2023 በሦስተኛ ዙር የተመረጠው ታይለር ስቲን ያዘ፤ በኮሌጅ ታክል የነበረ፣ ያኔ ገና በመጀመሪያ ውሉ ላይ የነበረ።