ዝላይና ውበት በአንድ ሚዛን፦ የወንዶች ፊገር ስኬቲንግ ዳኝነት ከሐዋሳ ሲታይ

የወንዶች ፊገር ስኬቲንግ በበረዶ ሜዳ ላይ በሙዚቃ ታጅቦ የሚቀርብ የነጠላ ውድድር ነው። ተወዳዳሪው ሁለት ጊዜ ይቀርባል፤ መጀመሪያ አጭሩን ፕሮግራም፣ ቀጥሎ ረጅሙን። የሁለቱ ድምር አሸናፊውን ይለያል። ዳኞች በአንድ ወገን ዝላይን፣ ሽክርክሪትንና የእግር እርምጃን ይመዝናሉ። በሌላው ወገን ደግሞ ቅንብሩን፣ አቀራረቡንና የመንሸራተት ችሎታውን ያያሉ። ስፖርቱን ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲያጨቃጭቅ የኖረው የእነዚህ የሁለቱ ሚዛን ነው።

በአማርኛ ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈ ብዙ አይገኝም። እዚህ የቀረበው በአብዛኛው ከውድድር የነጥብ ወረቀቶችና ከዓለም አቀፉ ስኬቲንግ ዩኒየን ደንቦች የተለቀመ ነው። ወረቀት የተረፈለት ዘመን ሰፋ ብሎ ቢታይ አይግረማችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሐዋሳና በረዶ

ሐዋሳ የበረዶ ሜዳ የላትም። ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የሐይቅ ከተማ ናት፣ ሐይቁም በረዶ አይሆንም። እዚህ በረዶ ሲባል ሰው የሚያስበው ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው። ግን ከተማችን ሜዳ ናት። ለብስክሌትም ሆነ ለባለ ጎማ ስኬት እንደ ሐዋሳ አስፋልት የሚመች ጥቂት ነው፤ የሚጠራጠር አዲስ አበቤ ካለ መጀመሪያ በአራት ኪሎ አድርጎ ወደ ቀበና ይውረድበት።

ፍቅር ሐይቅ ዳር ወጣቶች ስኬት አጥልቀው ሲንሸራተቱ ተመልካቹ ሁለት ወገን ነው። አንዱ ልጅ ዘሎ ሲያርፍ ፉጨቱ ይቀልጣል። ሌላው በአንድ እግሩ ወደ ኋላ እየሄደ ከሞንታርቦው ሙዚቃ ጋር ሲታጠፍ ደግሞ ስልክ ከየኪሱ ይወጣል። የትኛው ይበልጣል የሚለው ሙግት እዚያው ሻይ ላይ ያልቃል። ኦሎምፒክ ላይ ግን በነጥብ መቆረጥ አለበት።

ኢትዮጵያ በክረምት ኦሎምፒክ የተወከለችው በስኬቲንግ አይደለም፣ በበረዶ ሸርተቴ ነው። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ ባንዲራችንን ይዞ ተወዳድሯል። ቱሪን አሁን የሚሠራበት የስኬቲንግ ዳኝነት ሥርዓትም ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ላይ የዋለበት ነበር።

ከ6.0 ወደ አዲሱ ሥርዓት

በድሮው ሥርዓት እያንዳንዱ ዳኛ ሁለት ነጥብ ይሰጥ ነበር፤ አንዱ ለቴክኒክ፣ አንዱ ለአቀራረብ። ጣሪያው 6.0 ነው። በረጅሙ ፕሮግራም አንድ ዳኛ ለሁለት ሰዎች እኩል ድምር ከሰጠ የሚለያቸው የአቀራረቡ ነጥብ ነበር። ውበት የመጨረሻውን ቃል ይናገር ነበር ማለት ነው።

በ2002 ሶልት ሌክ ሲቲ ኦሎምፒክ ላይ በጥንድ ውድድር የዳኝነት ቅሌት ተነሣ። ለካናዳውያኑ ጥንዶች ሁለተኛ ወርቅ ተሰጠ፣ 6.0ም ቀስ በቀስ ተሰናበተ።

አዲሱ ሥርዓት ሥራውን ለሁለት ከፈለው። የቴክኒክ ቡድኑ ዝላዩ ምን እንደሆነ፣ ዙሩ መሙላቱንና አለመሙላቱን በቪዲዮ ጭምር አይቶ ይወስናል። እስከ 9 የሚደርሱት ዳኞች ደግሞ ያ ዝላይ ምን ያህል አምሮ እንደተሠራ ይፈርዳሉ። ለእያንዳንዱ ዝላይ የተጻፈ መነሻ ዋጋ አለ፤ ዳኞች በዚያ ላይ ይጨምራሉ ወይም ይቀንሳሉ። የውበቱ ነጥብ ለብቻው ከ10 ይሰጣል። ከዳኞቹ ነጥብ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ተጥሎ የቀረው አማካይ ይያዛል።

ቫንኩቨር 2010

ይህ ውድድር እስከ ዛሬ ሲነሣ ሰው ይጣላል። አሜሪካዊው ኢቫን ላይሳቼክ አንድም ባለ አራት ዙር ዝላይ ሳይሞክር ወርቁን ወሰደ። የቱሪኑ ሻምፒዮን ሩሲያዊው ዬቭጌኒ ፕሉሼንኮ ባለ አራት ዙር ቶሉፕ (እንደ አክስልና ሉትዝ የዝላይ ዓይነት ስም ነው) ከባለ ሦስት ዙር ጋር አጣምሮ ሠርቶ ብር ላይ ቀረ። ድምራቸው 257.67 ለ256.36 ነበር፤ ልዩነቱ 1.31 ነጥብ። ፕሉሼንኮ አራት ዙር ያልዘለለ ሰው የወንዶች ሻምፒዮን ሊባል አይገባም በማለት በአደባባይ ተቆጣ። ወሬውም “ውበት ዝላይን አሸነፈ” ተብሎ ዓለምን ዞረ።

የነጥብ ወረቀቱ ግን ሌላ ነው የሚለው። በአጭሩ ፕሮግራም ፕሉሼንኮ በ90.85 ይመራ ነበር፣ ላይሳቼክ 90.30። በረጅሙ ፕሮግራም የሁለቱም የውበት ነጥብ ልክ 82.80 ነው። ነጥብ በነጥብ እኩል! የለያቸው ቴክኒኩ ነው፤ ላይሳቼክ 84.57፣ ፕሉሼንኮ 82.71። አራት ዙር ያልዘለለው ሰው በዝላይ መዝገብ በለጠ።

ነገሩ ወዲህ ነው። በዚያን ጊዜ የባለ አራት ዙር ቶሉፕ መነሻ 9.8 ነበር፣ የባለ ሦስት ዙር አክስል 8.2። በመካከላቸው ያለው 1.6 ብቻ ነው። በፕሮግራሙ ሁለተኛ አጋማሽ የሚሠራ ዝላይ ደግሞ 10 በመቶ ጉርሻ ነበረው። ላይሳቼክ ከፕሉሼንኮ ይበልጥ ብዙ ዝላዮቹን ወደዚያ ገፍቶ ንጹሕ አድርጎ አረፈ። የፕሉሼንኮ ግን አንዳንዱ አስተራረፉ ያጋደለ ነበር። ስለዚህ ላይሳቼክ በሒሳብም አሸንፏል፣ አያከራክርም። 

ዩኒየኑ በዚያው ዓመት የባለ አራት ዙር ቶሉፕን መነሻ ወደ 10.3 ከፍ አደረገው። ከዚያ በኋላ ጎርፉ መጣ።

የዝላዩ ጎርፍ

የመጀመሪያው የተረጋገጠ ባለ አራት ዙር ዝላይ በ1988 ቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና ላይ በካናዳዊው ኩርት ብራውኒንግ ተሠራ። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ በ2018 ፒዮንግቻንግ ኦሎምፒክ ላይ አሜሪካዊው ኔታን ቼን በአንድ ረጅም ፕሮግራም ስድስት ሠራ። በአጭሩ ፕሮግራም 17ኛ ነበር፤ በረጅሙ 215.08 አግኝቶ በድምር አምስተኛ ወጣ። ከ215.08ቱ ውስጥ 127.64 የቴክኒክ፣ 87.44 የውበት ነው።

የሚዛኑ ችግር እዚህ ላይ ይታያል። የውበቱ ጣሪያ በረጅሙ ፕሮግራም 100 ገደማ ነው። ዝላይ ግን ጣሪያ የለውም፤ ዙር ሲጨመር ነጥብ ይጨመራል።

መውደቅም ያዋጣ ነበር። እስከ 2018 የባለ አራት ዙር ሉትዝ መነሻ 13.6 ነበር። ዙሩን ሞልቶ የወደቀ ሰው 4.0 ይቀነስበታል፣ ለመውደቁ ደግሞ 1። እጁ ላይ 8.6 ይቀራል። ምንም ሳይወድቅ ባለ ሦስት ዙር አክስል የሠራው ሰው መነሻ 8.5 ነበር። በበረዶ ላይ የተንከባለለው ቆሞ ካረፈው እኩል ሲያገኝ ማን ይወደዋል?

በ2018 ዩኒየኑ ነቃ። ሉትዙ ወደ 11.5 ወረደ፣ ዳኞች የሚጨምሩበትና የሚቀንሱበት የጥራት መለኪያ ከ±3 ወደ ±5 ሰፋ፣ አንዱ እርከንም የመነሻው 10 በመቶ ሆነ። አሁን ያው የወደቀ ሉትዝ ግማሹን አጥቶ፣ አንድ ተቀንሶበት 4.75 ይቀረዋል። ንጹሕ ባለ ሦስት ዙር ሉትዝ በ5.9 ይበልጠዋል። የረጅሙ ፕሮግራም ዝላይ ከ8 ወደ 7 ቀነሰ፤ ጉርሻውም በረጅሙ ለመጨረሻዎቹ ሦስት ዝላዮች ብቻ ተወሰነ። በ2022 አምስቱ የውበት መመዘኛዎች ሦስት ሆኑ፤ ቅንብር፣ አቀራረብና የስኬቲንግ ችሎታ።

ዝላዩ ግን አልቆመም። በመስከረም 2022 የ17 ዓመቱ አሜሪካዊ ኢሊያ ማሊኒን ሌክ ፕላሲድ ላይ ባለ አራት ዙር አክስልን ለመጀመሪያ ጊዜ በውድድር አሳረፈ፤ መነሻው 12.5 ነው። በ2024 ሞንትሪያል የዓለም ሻምፒዮና በረጅሙ ፕሮግራም 227.79 አስመዘገበ፣ በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን። በሌላው ጫፍ አሜሪካዊው ጄሰን ብራውን አለ። ያለ አንድም ባለ አራት ዙር ዝላይ በ2022 ቤጂንግ ኦሎምፒክ ስድስተኛ ወጥቷል። ለዚህ ጸሐፊ የዘመኑ ምርጥ ስኬተር እሱ ነው፤ በኦሎምፒክ የግል ውድድር ግን ሜዳሊያ አላገኘም።

የውበቱ ነጥብ ራሱ ነጻ ነው ወይ የሚለው አላለቀም። ብዙ ዝላይ ያሳረፈ ሰው የውበት ነጥቡም አብሮ ይወጣል የሚል ቅሬታ አለ። ሊሆን ይችላል።

ተገልብጦ መዝለል ደግሞ ለብቻው ታሪክ አለው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተከለከለ ነበር። ፈረንሳዊው አዳም ሲያዎ ሂም ፋ በ2024 ሞንትሪያል ሆን ብሎ ሠራው፣ 2 ነጥብ ተቀነሰበት፣ ያም ሆኖ ነሐስ ወሰደ። በዚያው ዓመት ተፈቀደ። ግን መነሻ ዋጋ የለውም፤ የሚያምረው ለአቀራረቡ ብቻ ነው።

ለባለ ጎማው

በባለ ጎማ ጫማ የሚደረገው አርቲስቲክ ስኬቲንግም “ሮልአርት” የሚባል የራሱ ሥርዓት አለው። አሠራሩ የበረዶውን ይመስላል፤ ዝላዩን የሚለይ የቴክኒክ ቡድን፣ ጥራቱንና ውበቱን የሚመዝኑ ዳኞች። ሐዋሳ ላይ ውድድር ለማዘጋጀት ለሚያስብ ሰው ሙሉውን መቅዳት ይከብደዋል፣ የቪዲዮ መሣሪያና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። ክፍፍሉ ግን ወጪ የለውም። አንድ ሰው በስልክ እየቀረጸ “ሁለት ዙር ነው፣ አልሞላም” ይበል፤ ሌሎቹ አምሮ መሠራቱን ብቻ ይፍረዱ። የውበቱን ጣሪያ ከዝላዩ ጋር ማቀራረብ ግን የአዘጋጁ ሥራ ነው፤ ያ ካልተደረገ ከሞንታርቦው ጋር የሚታጠፈው ልጅ ሁልጊዜ ሁለተኛ ነው።