ቶርኖ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ስለ ጓሮ ወርክሾፕ የሚነገሩ ስህተቶች እና እውነታው

አለም ገና ነው የምኖረው። ከግቢው ጀርባ ለሰርቪስ ተብላ የተሠራች፣ አሁን ግን ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን)፣ ድሪል እና አንድ ትልቅ ሞርሳ (ብረት ጠምዶ የሚይዝ) የተጨናነቁባት የቆርቆሮ ክፍል አለችኝ። ይህን የሰሙ የሰፈር ሰዎች በሩን ያንኳኳሉ፤ አንዱ ብሎን ተሰብሮበት፣ ሌላው የፓምፑ ዘንግ ተበልቶበት። ባለፈው ደግሞ ቴክኒክና ሙያ የጨረሰ፣ ትንሽ ብር ያጠራቀመ የጎረቤት ልጅ «ጋሼ፣ ይሄን ልገዛ ነው» ብሎ ዝርዝር ይዞ መጣ። ወረቀቱን ሳነብ ሳቄ መጣ። እኔ ስጀምር የሠራኋቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ጽፏቸዋል። ለእሱ ያልኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

«መጀመሪያ ቶርኖ፣ ሌላው ቀስ እያለ ይመጣል»

ይመጣል፣ ግን በየትኛው ብር? ቶርኖ ብቻውን ምንም አይቆርጥም። መቁረጫ ቱል ይፈልጋል፣ ቱሉን የሚስል ቤንች ግራይንደር ይፈልጋል፣ ረጅም ዘንግ ከኋላ የሚደግፍ ሴንተር፣ ቀዳዳ ለመብሳት ፑንታ (መብሻ) የሚይዝ የድሪል ቸክ፣ ከዚያ መለኪያ፣ ከዚያ ሌላ መለኪያ። ይሄ ሁሉ ሲደመር የማሽኑን ዋጋ ይጠጋል፣ አንዳንዴም ያልፈዋል። እኔ ያለኝን በሙሉ ማሽኑ ላይ አፍስሼ አራት ወር ሙሉ የማዳበሪያ ጆንያ አልብሼ አስቀምጬዋለሁ። እንግዳ ሲመጣ ጆንያውን ገልጬ አሳያለሁ፣ እንደ ሙሽራ።

ስለዚህ ካላችሁ ብር ግማሹን ብቻ ለማሽን አስቡ። ከማሽኑም በፊት ከባድ ሞርሳ፣ ሁለት ሦስት ዓይነት ሞረድ፣ ሰጌቶ እና ካሊፐር (ውፍረትና ዲያሜትር መለኪያ) ይግቡ። በሞረድ አንድ ጠፍጣፋ ብረት አራት ማዕዘኑን ጠብቆ ማውጣት ያቃተው ሰው ቶርኖ ላይ ሲቆም ስህተቱ ይፈጥናል እንጂ አይቀንስም።

«ካርባይድ ዘመናዊ ነው፣ ኤችኤስኤስ ጊዜው አልፏል»

ሁለቱም የመቁረጫ ቱል ዓይነቶች ናቸው፤ ኤችኤስኤስ ሙቀት የሚችል ስቲል ነው። ሱቅ ስትገቡ ያቺ ወርቃማ የካርባይድ ቁራጭ ታማልላለች፣ አውቃለሁ። ካርባይድ ጠንካራ ነው፣ ግን ጠንካራ የሆነውን ያህል ተሰባሪም ነው። ፍጥነት ይፈልጋል፣ የማይነቃነቅ ከባድ ማሽንም ይፈልጋል።

ሂሳቡን እንሥራው። በደቂቃ የሚያስፈልገውን ዙር ለማግኘት የመቁረጫውን ፍጥነት በ1,000 ታባዙና ለ3.14 እና ለብረቱ ዲያሜትር ብዜት ታካፍላላችሁ፤ ፍጥነቱ በሜትር፣ ዲያሜትሩ በሚሊ። ለስላሳ ብረት በኤችኤስኤስ ሲቆረጥ በደቂቃ 25 ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ዘንጉ 20 ሚሊ ከሆነ ወደ 400 ዙር ማለት ነው። ካርባይዱን በ100 ሜትር ላሠራው ካላችሁ ደግሞ 1,600 ዙር ገደማ ይጠይቃችኋል። 40 ኪሎ የምትመዝን ትንሽ የቻይና ቶርኖ በዚያ ዙር ደህና ቁርጥ ስታስነክሷት ትንቀጠቀጣለች፣ ትጮኻለች፣ የካርባይዱ ጫፍም ጥርስ እንደነከሰው ከረሜላ ይሸረፋል። ብራችሁ ሄደ።

ኤችኤስኤስ ሲደንዝ ወደ ግራይንደሩ ወስዳችሁ በሁለት ደቂቃ ትስሉታላችሁ። ካርባይድ ግን በተራው ግራጫ ድንጋይ አይሳልም፣ አረንጓዴውን የሲሊከን ካርባይድ ድንጋይ ወይም አልማዝ ይላል። መሳል መጀመሪያ ላይ ያበሳጫል። እኔ ሁለት ሙሉ ቱል ወደ ብናኝ ቀይሬ ነው እጄ የገባው። በነገራችን ላይ በዚያው ድንጋይ ላይ አልሙኒየም እንዳታስጠጉ። ድንጋዩን ይደፍነዋል፣ የተደፈነ ድንጋይ ይግላል፣ ሲብስም ፈንድቶ ይበተናል።

ካርባይድ በፍጹም አትግዙ እያልኩ አይደለም። ብየዳ የነካው ብረት ኤችኤስኤሱን ወዲያው ስለሚያደነዝዘው ለእሱ አንድ ሁለት ፍሬ ይኑራችሁ።

«ዲጂታል ካሊፐር ካለ ማይክሮሜትር ምን ያደርጋል?»

ይሄኛው አሳፍሮኛል። እዚሁ ሰፈር ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ዘንግ አሠራኝ። ኩሽኔታው 6204 ነው፤ ውስጡ 20፣ ውጭው 47፣ ውፍረቱ 14 ሚሊ። ቆረጥኩ፣ በካሊፐር ለካሁ፣ ስክሪኑ 20.00 አለ። ደስ አለኝ። ኩሽኔታው በእጄ ሸርተት ብሎ ገባ። ያኔ ነበር መጠርጠር። ዘንጉ የኩሽኔታው ቀለበት ውስጥ ብቻውን እየዞረ በሁለት ሳምንት ራሱን በላ፣ ሰውየውም እህል የጫኑ ደንበኞቹን አስከትሎ መጣ።

ነገሩ ቀላል ነው። ካሊፐሩ እስከ 0.01 ሚሊ ያሳያል እንጂ እስከዚያ አይታመንም። ስህተቱ በተለምዶ 0.02 እና 0.03 ድረስ ነው፣ እጃችሁ ጠበቅ ላላ ሲል ደግሞ ይብሳል። ከኩሽኔታ ጋር አብሮ የሚዞር ዘንግ ግን ከ20.00 በ0.01 ያህል ከፍ ብሎ በኃይል መግባት አለበት። ይህን የሚነግራችሁ ማይክሮሜትር ነው። ከ0 እስከ 25 ሚሊ የሚለካው አንዱ ለጀማሪ ይበቃል።

ቀጥሎ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን መወላገድን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ከነማግኔት መቆሚያው ግዙ። ብረቱን ጠምዶ የሚያዞረው ባለ 3 መንጋጋ ቸክ ፈጣን ነው፣ ግን ብረቱን ከመሃል በትንሹም ቢሆን ያስታል፤ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ቢስት አይግረማችሁ። ባለ 4 መንጋጋው፣ መንጋጋዎቹ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱት፣ በዳያል ጌጅ እየታየ 0.01 ድረስ ይስተካከላል። ሰው ባለ 4ቱን «አድካሚ ነው» ብሎ ይሸሸዋል። ካንድ ወር በኋላ ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው።

«ስሪ ፌዝ ማሽን መኖሪያ ቤት ውስጥ አይሠራም»

ይሠራል። እንዲያውም ይሄ ወሬ ጥሩ ማሽን በርካሽ ያስገኛል፣ ሌላው ሰው ስለሚሸሸው። ሲንግል ፌዝ (የቤት መብራት) 220 ቮልት ተቀብሎ ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር) የሚያወጣ ኢንቨርተር አለ፤ ፍጥነት መቆጣጠሪያም ይሆናችኋል። ዘዴው የሞተሩን ታርጋ ማንበብ ነው። 220/380 የሚል ከሆነ በዴልታ (አንዱ የሞተር ሽቦ አተሳሰር) ታስሮ በ220 ይዞራል። 380/660 የሚል ከሆነ ግን ከ220 ኢንቨርተር ሙሉ ጉልበቱን አታገኙም፣ ሻጩ የፈለገውን ቢምል።

ታርጋው ላይ ያለችውን የፈረስ ጉልበትም እንደ ወንጌል አትያዙ። የሞተር ደረጃ በተለምዶ የሚወጣው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ተብሎ ነው። እኛ ከ2,000 በላይ ነን። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ እንደልቡ አይቀዘቅዝም። ትንሽ ተረፍ ያለውን ምረጡ።

«ማብሪያ ማጥፊያ ማብሪያ ማጥፊያ ነው»

እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ምክንያቱም የእኛ ሰፈር መብራት የራሱ ጠባይ አለው። መብራት ሄደ። ማሽኑ ቆመ። እናንተ አጋጣሚውን ተጠቅማችሁ ቸኩ ላይ የተጠመጠመውን ፍቅፋቂ በእጃችሁ ማውጣት ጀመራችሁ። መብራት መጣ። ተራ ማብሪያ ከሆነ ቶርኖው እጃችሁን ይዞ ይነሳል።

መፍትሔው ኮንታክተር ያለው፣ አረንጓዴ እና ቀይ ቁልፍ ያለው ማስነሻ ነው። መብራት ሲሄድ ኮንታክተሩ ይለቃል፣ ሲመለስም አረንጓዴውን ካልተጫናችሁ አይነሳም። ማንኛውም ደህና ኤሌክትሪሺያን በአንድ ከሰዓት ይገጥምላችኋል። ከልጁ ዝርዝር ውስጥ አስራ አንድ ዓይነት ፑንታ ነበር፣ ይሄ ግን አልነበረም። ከላይ አድርጌ በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩለት። እስኪገጠም ድረስ ደግሞ መብራት እንደጠፋ መጀመሪያ ማብሪያውን መዝጋት፣ ከዚያ ሌላው።

«ጓንት እጅ ይጠብቃል»

ብየዳ ላይ፣ አዎ። የሚዞር ማሽን ላይ፣ በጭራሽ። ባዶ ጣት ቢነካ ይቆረጣል፣ ያማል፣ ይድናል። ጓንት ከተያዘ ግን እጁን ጠቅልሎ ይወስደዋል። ሰፊ እጅጌ፣ ነጠላ፣ የአንገት ልብስ፣ ቀለበት፣ ሁሉም ያው ነው። ጠዋት ብርድ ስለሆነ ጋቢ ደርቦ የሚቆም ሰው አይቻለሁ! ፍቅፋቂ በብሩሽ ወይም በመንጠቆ ይነሳል፣ ማሽኑ ቆሞ። መነጽር ግዴታ ነው። የቸክ ቁልፍ ደግሞ ከእጅ ሲለቀቅ ቸኩ ላይ ተሰክቶ መቅረት የለበትም።

«ቀለሙ ያማረ ማሽን በደንብ የተያዘ ነው»

አሮጌ ማሽን ከሚሸጡት ውስጥ ቀለም የሚቀባው በጣም ነው የሚያስፈራኝ። ቀለሙን ተዉትና ቱሉን የሚይዘው ጋሪ የሚንሸራተትበትን ሐዲድ እዩ። ሥራው ሁሉ ቸኩ አጠገብ ስለሚሠራ ሐዲዱም የሚበላው እዚያ ነው። ጋሪውን ቸኩ አጠገብ አምጡና ማስተካከያ ብሎኖቹን ልቅ እንዳይሆን ጠበቅ አድርጉ። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደማይሠራበት ጫፍ ግፉት። እየጠበበ ሄዶ ድርቅ ካለ ሐዲዱ ተበልቷል። ዋጋ ለመቀነስ ጥሩ ምክንያት ነው፣ ላለመግዛትም።

«ብረት ብረት ነው፣ ከቆራሌ ይገኛል»

ከቆራሌ መግዛቱን እኔም እወደዋለሁ። ግን ፌሮ ለቶርኖ የተሠራ ብረት አይደለም፤ አንዱ ቦታ ልስልስ ሌላው ቦታ ደረቅ ይሆንና ፊቱ ይቦጫጨራል። የመኪና ባሌስትራ ደግሞ የጠነከረ ነው፣ ኤችኤስኤስ ይበላባችኋል። ሞረድ በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሞረዱ ከነከሰው ይቆረጣል፣ እንደ መስታወት ከተንሸራተተ ለባለቤቱ መልሱለት።

ዘይትን በተመለከተ አጭር ነው፦ ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት መቁረጫ ዘይት አይደለም፣ ለቆዳም ጠንቅ ነው። አልሙኒየም ላይ ላምባ ጥሩ ነው። የብሎን ጥርስ ስታወጡ፣ አትሳቁብኝ፣ የበሬ ሞራ ይሠራል፤ ድሮም ይሠራበት ነበር። ናስ እና ካስት አይረን በደረቁ።

ስለ ፑንታውም አልቀረሁለትም። መቶ ፍሬ የያዘውን ወርቃማ ሳጥን ሰርዤ 5፣ 6.8 እና 8.5 ሚሊ ብዬ ጻፍኩ፣ ደህና ኤችኤስኤስ። እነዚህ የኤም6፣ የኤም8 እና የኤም10 (የ6፣ የ8 እና የ10 ሚሊ ብሎን) ጥርስ ማውጫ ታፕ ቀዳዳዎች ናቸው። በርካሹ ሳጥን ላይ ያለው ወርቅ ብዙ ጊዜ ቀለም ብቻ ነው፣ እውነተኛ ማጠንከሪያ ልባስ ቢሆንም አንዴ ሲሳል ከጫፉ ይሄዳል።

ልጁ ትንሽ ከፋው። «ታዲያ ቶርኖውስ?» አለኝ። እስከዚያ የእኔ አለ፣ ና አልኩት። ቅዳሜ ምናለሽ ተራ ሄዶ ታክሲ ውስጥ ከሹፌሩ ጋር እየተጨቃጨቀ አንድ አሮጌ ሞርሳ ጭኖ መጣ። ከባድ ነው፣ ዊንጩ ደህና ነው፣ አንዱ የመንጋጋው ሳህን ግን የለም። በሰጌቶ እና በሞረድ ራሱ ይሠራዋል። ማክሰኞ አይቼው ነበር፣ አንዱ ጎን ገና ቀጥ አላለም።