ጭንቅላቱን የተመታ ተማሪ ወደ ክፍል ሲመለስ፦ በአዲስ አበባ ዳር ዳሩን

የአንጎል መናወጥ የሚባለው ጭንቅላት ሲመታ ወይም ሰውነት በኃይል ሲናጥ የአንጎል ሥራ ለጊዜው የሚዛባበት ጉዳት ነው። ራስን መሳት የግድ አይደለም፤ አብዛኞቹ ልጆች አይስቱም። ሲቲ ስካን ቢነሱም ብዙውን ጊዜ ምንም አይታይም። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ሲያዩት ደህና ነው፤ ፋሻ የለው፣ ጀሶ የለው። ራስ ምታቱን፣ ማዞሩን፣ ብርሃንና ጫጫታ እንደሚረብሸው፣ የሰማው ቶሎ እንደሚጠፋበት የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። «አውቆ ነው» ቢባል አይገርምም።

ከተማው ዳር ባሉት ሰፈሮች፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶ ወይም በቦሌ አራብሳ ልጅ የሚወድቅበት አይጠፋም፦ የኮንዶሚኒየም ደረጃ፣ ያላለቀ ግንባታ፣ ድንጋያማ የኳስ ሜዳ፣ ባጃጅና ሞተር።

ከሁሉ በፊት አደገኛው ምልክት ይለያል። ደጋግሞ ካስታወከ፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ካንዘፈዘፈው፣ አንድ ጎኑ ከዛለ፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ውሃ መሳይ ፈሳሽ ከወጣ፣ አልነቃ ካለ፣ እስኪነጋ አይጠበቅም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። በደቡብ በኩል ላሉት አቃቂ ቃሊቲ የሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ይቀርባል። ወጌሻ ጋ ወስዶ አንገቱን ማሳሸት ግን ይቅር። «እንዳይተኛ!» የሚለውም ምክር፣ ሐኪም አይቶት ደህና ነው ካለ በኋላ፣ አይሠራም። እንቅልፍ ይጠቅመዋል።

ዕረፍቱ አጭር ነው፤ ከ24 እስከ 48 ሰዓት። በነዚህ ቀናት ስልክና ቴሌቪዥን ይቀነሳል፤ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ግን አይከለከልም። ድሮ ልጁን ጨለማ ክፍል ውስጥ ለቀናት ማስተኛት ይመከር ነበር፤ ዛሬ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 በስፖርት ስለሚደርስ የአንጎል መናወጥ ለመምከር አምስተርዳም ላይ የተሰበሰቡት ባለሙያዎችም ያጸኑት ደረጃ በደረጃ መመለስን ነው። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ማንበብ፣ ከዚያ ግማሽ ቀን መማር፣ ከዚያ ሙሉ ቀን። ሕመሙ ትንሽ ጨምሮ ሰዓት ሳይሞላ ከበረደ ችግር የለውም። ከዚያ ካለፈ ሥራው ይቀነስለታል።

ግማሽ ቀን የሚለው በወረቀት ቀላል ነው። ዳር አካባቢ ግን ሰርቪሱ ጠዋት ይወስዳል፣ ማታ ይመልሳል፤ በስድስት ሰዓት ልጅ የሚያደርስ የለም። ወላጅ ሥራው መሀል ከተማ ከሆነ ከጎረቤት ወይም ከታላቅ ወንድም ጋር መነጋገር አለበት። መንገዱም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ኮብልስቶን ላይ የሚዘል ባጃጅ ለታመመ ጭንቅላት ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይከፋል። ቅርብ ከሆነ ቀስ ብሎ በእግር መሄድ ይሻላል።

ትምህርት ቤት ሲደርስ ደግሞ ፀሐይ ላይ የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ አለ፤ በዕረፍት ሰዓት የሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ አለ። ከሁሉም የሚያደክመው ግን ኖት መገልበጥ ይመስለኛል። ዓይን ከሰሌዳ ወደ ደብተር፣ ከደብተር ወደ ሰሌዳ ሲመላለስ ማዞሩ ይነሳል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ የጓደኛውን ደብተር ፎቶ ኮፒ ማድረግ። እሱ ቁጭ ብሎ ይስማ። ከሰልፍ ይቅር፣ ከመስኮቱ ፀሐይ ይራቅ፣ ሲከብደው ወጣ ብሎ ይረፍ። ያመለጠው ፈተና በአንድ ቀን አይከመርበት።

ይህን ሁሉ የሚያስፈጽመው የክፍል ኃላፊው መምህር ነው፤ ለዚህም የሐኪም ወረቀት ይረዳዋል። «ዕረፍት ያስፈልገዋል» ብቻ የሚል ወረቀት ግን ብዙም አያግዝም። ስንት ሰዓት ይማር፣ ፈተና ላይ ተጨማሪ ደቂቃ ይሰጠው ወይ፣ ስፖርት መቼ ይጀምር የሚለው እንዲጻፍ ወላጅ ሐኪሙን ሳያፍር ይጠይቅ።

አብዛኞቹ ልጆች በአራት ሳምንት ውስጥ ይድናሉ። ከዚያ ካለፈ ተመልሶ መታየት ያስፈልጋል።

ኳስ የመጨረሻው ነው። ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ቀደም ብሎ ይጀመራል፤ ግጥሚያ ግን ሙሉ ቀን ያለ ምልክት ተምሮ፣ ሐኪም ከፈቀደ በኋላ ነው። ወደ ስፖርት የሚመለስባቸው ደረጃዎች ስድስት ናቸው፤ እያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ቀን ይወስዳል። አንጎሉ ሳይድን ዳግመኛ ከተመታ ጉዳቱ እጅግ ሊከፋ ስለሚችል የሰፈር ጓደኞቹም ቢሰሙት ጥሩ ነው፤ መምህሩ ቢከለክለው እንኳ ቅዳሜ ሜዳው ላይ ቡድን የሚከፍሉት እነሱ ናቸው።